ለሞት ደብተር የቀረበ የመከላከያ መልስ

«ዴዝ ኖት» በሚባለው የጃፓን ማንጋና ከእርሱ በተሠራው አኒሜ ላይ የሚሰነዘረው ክስ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ ቅጥ የለውም። ፖም ሲያጣ የሚንፈራፈር የሞት አምላክ፣ ስም ሲጻፍበት የሚገድል ደብተር፣ ወንበር ላይ ቁጢጥ ብሎ ኬክ እየጎረሰ የዓለምን ከባድ ወንጀል የሚመረምር ወጣት፣ በመዘምራን ታጅቦ የሚበላ የድንች ቺፕስ። ከሳሾቹ ይህን ከቆጠሩ በኋላ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው ይሄዳሉ። የሰነድ ማስረጃ አያያይዙም፤ ምስክር አይቆጥሩም። መልስ ያልተሰጠበት ክስ እንደታመነ እንዳይቆጠር ሲባል ብቻ፣ ይህ የመከላከያ መልስ በተከሳሹ ወገን ሳይጠየቅ ቀርቧል።

የጉዳዩ ፍሬ ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። ታሪኩን ሱጉሚ ኦባ ጽፎት፣ ታኬሺ ኦባታ ሥሎት፣ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2003 እስከ ግንቦት 2006 «ሳምንታዊ ሾነን ጃምፕ» በተባለው መጽሔት ወጣ፤ 108 ምዕራፍ፣ 12 ቅጽ። ማድሃውስ የተባለው ስቱዲዮ በቴትሱሮ አራኪ አዘጋጅነት ባለ 37 ክፍል አኒሜ አደረገውና ከጥቅምት 2006 እስከ ሰኔ 2007 በኒፖን ቴሌቪዥን ታየ። ላይት ያጋሚ የተባለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ወድቆ የተገኘ ጥቁር ደብተር ያነሣል። ደብተሩን የጣለው ሪዩክ የሚባል ሺኒጋሚ፣ ማለትም የሞት አምላክ ነው፤ የጣለውም ስለ ሰለቸው ነው። ላይት የወንጀለኞችን ስም ይጽፋል፣ ወንጀለኞቹ ይሞታሉ፣ ሕዝቡ ያልታወቀውን ገዳይ «ኪራ» ብሎ ይሰይመዋል፣ ኤል የሚባል መልኩን ማንም የማያውቀው መርማሪ ይከታተለዋል። የቀረው የአፈጻጸም ጉዳይ ነው። ክርክሩም ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው።

ከደብተሩ እንጀምር። ከሳሾች ደብተሩን አስማት ይሉታል። አስማት ደንብ የለውም፤ ይህ ደብተር ግን አለው። ደንቡ መጀመሪያ ከሽፋኑ በስተውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ በማንጋው ምዕራፎች መካከል፣ በአኒሜውም በየክፍሉ አጋማሽ፣ አንቀጽ በአንቀጽ ይወጣል። ስሙ የተጻፈ ሰው ይሞታል። ጸሐፊው የሟቹን መልክ በዐይነ ሕሊናው ካልያዘ ግን ጽሑፉ አይጸናም፤ ይህም ሞክሼዎችን ለመጠበቅ ነው። እስቲ ነገሩን ረጋ ብለን እንመልከተው። ቸነፈር ሞክሼ ለይቶ አያውቅም። ጎርፍ አይለይም። ሌሊት በር እያንኳኳ በስም ዝርዝር ሰው የሚለቅም ወታደርም፣ ታሪክ እንደሚነግረን፣ ብዙ ጊዜ አይለይም። ለሞክሼ የተጨነቀው ከሁሉም ይህ ደብተር ብቻ ነው።

የሞቱ ምክንያት ስሙ በተጻፈ በ40 ሴኮንድ ውስጥ ከተጠቀሰ፣ እንደተጠቀሰው ይፈጸማል። ካልተጠቀሰ ሟቹ ልቡ ቆሞ ይሞታል። ምክንያቱ የተጠቀሰ እንደሆነ ደግሞ ዝርዝሩን ለማስገባት ተጨማሪ 6 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ይፈቀዳል። አመልካቹ ባዶ የተወውን ቦታ መዝገቡ ራሱ ሞልቶ፣ ጉዳዩን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጨርሶ የሚያሰናብትበት ሌላ አገልግሎት በምድር ላይ ማን አይቷል? «ይሟላ» ተብሎ የሚመለስ ፎርም የለም። ፎቶ አራት ይዘህ ና የሚል የለም፤ መልኩን በሐሳብ መያዝ በቂ ነው። «ሰውየው የለም» የሚባለውም ሥራው ሲያልቅ ብቻ ነው።

ደንቡ ስለ ዕድሜም ተጨንቋል። ከተወለደ 780 ቀን ያልሞላው ሕፃን በደብተሩ አይሞትም። 124 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውም አይሞትም። ለምን 780? ለምን 124? እያሉ የሚያፌዙ አሉ። ሕግ ቁጥር ሲያስቀምጥ ምክንያቱን የመጻፍ ግዴታ የለበትም፤ የጡረታ ዕድሜን የደነገገውም አልጻፈም። ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነው። በሰነድ የተረጋገጠው ረጅሙ የሰው ዕድሜ የፈረንሳዊቷ የዣን ካልማን ነው፤ እኒህ ወይዘሮ እ.ኤ.አ. በ1997 ያረፉት በ122 ዓመታቸው ነበር። እንግዲህ የ124 ዓመቱ አንቀጽ እስካሁን አንድም ባለመብት የለውም ማለት ነው። የሌለን ሰው መብት አስቀድሞ ማክበር በሕግ አውጪ ዘንድ እምብዛም የማይታይ አርቆ አሳቢነት ነው፤ ያለውን ሰው መብት ማክበር እንኳ ስንቱን ያስቸግራል።

ሊሞት 12 ደቂቃ ያልቀረው ሰውም በደብተሩ አይገደልም፤ ተደራራቢ ሥራ ይሆናላ። የአንድን ሰው ስም አራት ጊዜ አሳስቶ የጻፈ እንደሆነ፣ ያ ሰው ከእንግዲህ በደብተሩ አይሞትም። ይህን አንቀጽ ያነበበ ተንኮለኛ ወዳጁን ለማዳን ሆን ብሎ ሊያሳስት እንደሚችል ሕግ አውጪው ተረድቷል፤ ስለዚህ ሆን ብሎ አራት ጊዜ ያሳሳተ ጸሐፊ ራሱ ይሞታል፣ ወዳጁም ነጻ አይወጣም። ቅን ስህተትንና ተንኮልን እንዲህ በአንድ መሥመር የለየ ድንጋጌ ሕግ ትምህርት ቤት ቢገባ ለፈተና የሚወጣ ነው። ላይት ራሱ መጀመሪያ ላይ መንገድ ላይ ሴት የሚያስቸግርን ባለ ሞተር ብስክሌት ስሙን በጆሮው ብቻ ሰምቶ፣ በየትኛው የቻይና ፊደል እንደሚጻፍ ስላላወቀ በተለያየ አጻጻፍ ይሞክረዋል። አንዱ ልክ መጣ፤ ሰውየውን መኪና ገጨው። የፊደል አጣጣል አይጠቅምም የሚሉ ወላጆች ይህን ትዕይንት ለልጆቻቸው ቢያሳዩ መልካም ነበር፤ ግን አያሳዩም፣ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናየዋለን።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ደብተሩን የሚያስከብረው ተአምር አለመሥራቱ ነው። ላይት የደብተሩን ወሰን ለማወቅ እስረኞች ላይ ይሞክራል። ጃፓን ውስጥ የታሰረ አንድ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ፓሪስ ኤፍል ማማ ፊት እንዲሞት ይጽፋል። አይሆንም። እስረኛው በዚያ ጊዜ ፓሪስ ሊደርስ ስለማይችል፣ ባለበት እስር ቤት ልቡ ቆሞ ይሞታል። የአውሮፕላን በረራ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ የሚያውቅ፣ ፓስፖርት የሌለው ሰው ድንበር እንደማይሻገር የሚገነዘብ የሞት ኃይል ይህ ነው። ቅጥ የለውም የተባለው ይህ ነው። ተአምር በማይገባበት ቦታ ሁሉ ተአምር የሚጨምሩ ስንት ታሪኮች እያሉ፣ ከመንፈስ ዓለም የመጣ ደብተር ግን የትራንስፖርት ችግርን አክብሮ ይሠራል።

እርግጥ ሕጉ እንዲህ ተጣርቶ አልተወለደም። ከተከታታዩ በፊት በዚያው በ2003 በወጣው የሙከራ ምዕራፍ ደብተሩን የሚያገኘው ታሮ ካጋሚ የሚባል የ13 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከደብተሩም ጋር ላጲስ ነበረ። ስሙ በላጲሱ የጠፋለት ሟች፣ አስከሬኑ ካልተቃጠለ፣ ይነሣል። ደራሲው ዋናውን ሥራ ሲጀምር ላጲሱን አስቀረ። እዚህ ላይ የመከላከያ ወገን ለደራሲው ያለውን አክብሮት ይገልጻል። ከሙታን የተነሣ ሰው ከቤተሰብ መዝገብ የተሰረዘ ስሙን ለማስመለስ የሚመላለስበትን መስኮት፣ በውርስ የተከፋፈለውን ቤት፣ የለቅሶ ስጦታ ያመጡ ዘመዶች የሚገቡበትን ሐፍረት ማሰብ ብቻ ይደክማል። ሞት የመጨረሻ ውሳኔ ካልሆነ የሬሳ ሣጥን ሠሪው ሳይቀር ቅድሚያ ክፍያ መጠየቁ አይቀርም።

ወደ ሪዩክ እንለፍ። የሺኒጋሚዎች ዓለም ግራጫ፣ ደረቅና አሰልቺ ነው። ነዋሪዎቹ ቁማር ይጫወታሉ፣ ይተኛሉ። የሰው ስም ሲጽፉ የሟቹ ቀሪ ዕድሜ ወደ እነርሱ ስለሚዞር፣ እንዳይሞቱ ያህል አልፎ አልፎ ይጽፋሉ፤ ከዚያ በላይ የሚተጋውን ግን ይስቁበታል። ከሳሾች ይህን ስንፍና የድርሰቱ ድክመት አድርገው ያቀርቡታል። የሞት አምላክ ትጉህ ቢሆን የሚሻለው ለማን ነው? ይህን አስበው አልጠየቁም። ሲዶህ የሚባለው ሺኒጋሚ ደብተሩ ከእጁ ከወጣ በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው ነገሩን ያስተዋለው፤ ከዚያም ዕድሜው እያለቀ በመምጣቱ እስከ ምድር ወርዶ ሪዩክን «ደብተሬን መልስልኝ» ብሎ ይለምናል። ሪዩክም እኔ ዘንድ የለም ይለዋል። የሞት አምላክ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላከ የራሱን ንብረት ሲያፈላልግ ማየት ዳር ቆሞ ለሚያይ ያስቃል፤ በአንድ ፋይል ጉዳይ ሦስት ፎቅ ወጥቶ የወረደ ሰው ግን አይስቅም።

ፖሙም እንደዚሁ ነው። በሺኒጋሚዎች ዓለም የሚበቅለው ፖም አሸዋ አሸዋ ይላል፤ የምድሩ ግን ይጣፍጣል። ሪዩክ ካላገኘ ሰውነቱ ይጠማዘዛል፣ በራሱ ይቆማል። የሚጠይቀው ይህን ብቻ ነው። ደመወዝ አይልም፣ መሥዋዕት አይልም፣ ቤተ መቅደስ ሥሩልኝ አይልም፣ አምልኩኝም አላለም። በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ከሞት ጋር የተያያዙ አማልክት ያስከፈሉትን ለሚያስታውስ፣ በቀን ጥቂት ፖም የሚረካ አምላክ ላይ «ቅጥ የለውም» ብሎ መክሰስ ልግመኝነት ነው። በዚያ ላይ ሐቀኛ ነው። ከላይት ጋር በተገናኙበት ቀን የማንም ወገን እንዳልሆነ፣ ላይት የሚሞትበት ሰዓት ሲደርስም ስሙን ደብተሩ ላይ የሚጽፈው ራሱ ሪዩክ እንደሆነ በግልጽ ነግሮታል። ውል ማለት ይህ ነው፤ በትንንሽ ፊደል ከግርጌ የተደበቀ አንቀጽ የለበትም። ላይት ሰምቷል፤ አልተቃወመም።

ላይት ራሱ ምንም የሚወቀስበት ነገር የለም ማለት ይቻላል። በአገር አቀፍ የሙከራ ፈተና አንደኛ ነው። የፖሊስ አዛዥ ልጅ ነው። ፀጉሩን ያበጥራል፣ እናቱን ያከብራል፣ ታናሽ እህቱን ሒሳብ ያስጠናል። እንዲህ ያለ ልጅ ደብተር ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ይጽፍበታል። «በሕግ አምላክ!» ብሎ መንገደኛን ማስቆም በኛ አገር ለማንም የተፈቀደ ነበር፤ ይህ ልጅ ያንኑ አደረገ፤ ልዩነቱ የሚያስቆመው መንገደኛውን ሳይሆን የመንገደኛውን ልብ መሆኑ ነው። ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብሎ፣ የቤት ሥራውን ጨርሶ፣ በሥርዓት በመሥመሩ ላይ ይጽፋል። ሪዩክ ከኋላው ቆሞ ያያል። ከሁለቱ መካከል የሚያስፈራው የትኛው እንደሆነ ሠዓሊው ኦባታ ግልጽ ለማድረግ የፈለገ አይመስልም፤ ሺኒጋሚውን ጥርሱ የገጠጠ፣ ዐይኑ የፈጠጠ አድርጎ ሥሎት፣ ልጁን እጅግ መልከ መልካም አድርጎታል።

ደብተሩን የደበቀበት መሳቢያም «ተጋነነ» ተብሏል። መሳቢያው ሐሰተኛ ወለል አለው፤ ከላይ ተራ የማስታወሻ ደብተር ተቀምጧል፣ ከሥር ዋናው። ሐሰተኛውን ወለል ለማንሣት በመሳቢያው ታች ባለች ቀዳዳ የእስክሪብቶ ቀፎ ማስገባት ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው በግድ ያነሣው እንደሆነ የኤሌክትሪክ ዑደት ይገጥምና በስስ ላስቲክ የተሞላ ቤንዚን ተቀጣጥሎ ደብተሩን አመድ ያደርገዋል። ምናልባትም ቤቱን ጨምሮ። ሪዩክ ደብተር ለመደበቅ እዚህ ድረስ የሄደ ሰው አይቶ እንደማያውቅ ይናገራል። ላይት ምክንያቱን ያስረዳዋል፦ ቢያዝ «የግል ማስታወሻዬን ሰው እንዲያነብብኝ አልፈለግሁም» ሊል ይችላል። ለታዳጊ ልጅ ከዚህ የበለጠ የሚታመን ምክንያት አይገኝም። ታናናሾቹ የማይነካኩት መሳቢያ ለማግኘት ቤንዚን ያላሰበ የቤት በኩር ልጅ ካለ ይምጣና ይመስክር።

የመርማሪው የኤል ጉዳይ ቀላል ስለሆነ በፍጥነት እናልፈዋለን። ጉልበቱን አቅፎ ወንበር ላይ ቁጢጥ ይላል፣ ስልክ በሁለት ጣቱ ጫፍ ያንጠለጥላል፣ ከጣፋጭ በቀር ሲበላ አይታይም። ስለ አቀማመጡ ሲጠየቅ እንደ ሌላው ሰው ቢቀመጥ የማመዛዘን ችሎታው 40 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ መልሷል። መቶኛ ተጠቅሷል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ተዘግቷል። ይኸው ቁጢጥ የሚል ሰው ነው ሞት የተፈረደበትን ሊንድ ኤል ቴይለር የተባለ እስረኛ «ኤል እኔ ነኝ» አሰኝቶ በቴሌቪዥን ያቀረበው። ሥርጭቱ በዓለም ዙሪያ ነው ተባለ እንጂ የታየው በጃፓን ካንቶ ክልል ብቻ ነበር። ላይት በዚያ ስክሪን ክፉ ሲባል ሰማ፣ ተናደደ፣ ስሙን ጻፈ፣ ሰውየው ሞተ፤ የት እንዳለም ታወቀ። በዓለም ላይ ያለ ገዳይ በአንድ ስድብ ወደ አንድ ክልል ተሰበሰበ። ኋላ የምርመራ ቡድኑ ሲሰበሰብ በአግባቡ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ እግሩን መሬት አስነክቶ የሚቀመጠው አባል ራሱ ላይት ነበር፤ ኪራን የሚያድነው ቡድን ውስጥ ገብቷላ። በአቀማመጥ ሰውን የሚመዝኑ ሁሉ ይህን መዝግበው ቢይዙ።

አሁን ወደ ቺፕሱ። የክሱ ዋና ጭብጥ ይህ ስለሆነ ጊዜ ወስደን እናየዋለን።

ኤል ላይትን ስለጠረጠረ በቤቱ ውስጥ በየጥጋጥጉ ካሜራና ድምፅ መቅጃ ያስተክላል። ሪዩክን ደብተሩን ከነካ ሰው በቀር የሚያየው የለም፤ የሚበላው ፖም ግን ይታያል፤ አየር ላይ የተንጠለጠለ፣ ራሱን በራሱ የሚገመጥ ፖም በካሜራ ቢቀረጽ ማስረዳት ያስቸግራል። ስለዚህ ሪዩክ ፖም አልቀረበለትም። ፖም ለማግኘት ሲል ካሜራዎቹን አንድ በአንድ አድኖ ያሉበትን ለላይት ነገረው። ጾም በአንድ አምላክ ላይ ያሳደረውን ትጋት እዚህ ላይ ማየት ይቻላል። ከዚያም በአኒሜው ስምንተኛ ክፍል ላይት ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣል። የመጽሐፉ ገጽ ተገልጧል፣ ካሜራዎቹ ያዩታል፣ ኤልና የላይት አባት ካሜራዎቹን ያያሉ። ላይት ከቺፕስ ከረጢት ውስጥ ትንሽ ቴሌቪዥንና የደብተሩን ቁራጭ ወረቀት ደብቋል። በአንድ እጁ የሒሳብ እኩልታ ይፈታል። በሌላው ከረጢቱ ውስጥ የዜናውን ወንጀለኛ ስም ይጽፋል። ከዚያም ቺፕሱን ያነሣና ይበላዋል፤ እንደሚበላውም በልቡ ያውጃል። ሙዚቃው ያርጋል፣ ካሜራው ይሽከረከራል፣ ፀጉሩ በቀይ ብርሃን ይነድዳል፣ ቺፕሱ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ኮሽ ይላል።

ክሱ «አንድ ቺፕስ ለመብላት ይህ ሁሉ?» የሚል ነው። መልሳችን «አዎ፣ ይህ ሁሉ» ነው። አዘጋጁ አራኪ ምን አማራጭ ነበረው? በማንጋው ላይ ትዕይንቱ ጸጥ ባለ ገጽ የተሣለ፣ የተቀመጠ ልጅ ነው። ልጁ ከወንበሩ አይነሣም፤ መንገድ አያቋርጥም፤ ጠመንጃ አይዝም። የሚንቀሳቀሰው አንድ ክንዱ ነው። ሰው ሲገደል ማሳየት ያለበት አዘጋጅ፣ ግድያው የሚፈጸመው በክንድና በቺፕስ ከሆነ፣ ክንዱንና ቺፕሱን ሊያከብር ግድ ነው። በጦር ሜዳ ፊልም ፈረስ ሲጋልብ ነጋሪት ቢመታ ማንም «ለአንድ ፈረስ?» አይልም። ደግሞስ ይህ ልጅ ያደረገው ምን ነበር? በምሽት እያጠና፣ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ እየሠራ፣ ምግቡን ሳያባክን ጨርሶ፣ ከረጢቱን ከነቴሌቪዥኑ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተ። የትኛው ወላጅ ነው በዚህ የሚያዝን? አባቱም በስክሪኑ አይቶ አላዘነም፤ ልጄ ንጹሕ ነው ብሎ ተጽናና።

በዚያ ምሽት ከሞቱት መካከል አንዱ ቦርሳ ነጥቆ የሮጠ፣ አንዱ በእምነት ማጉደል የተጠረጠረ እንደነበሩ ታሪኩ ይናገራል። ከሳሾች የቺፕሱን አበላል እንጂ የእነዚህን ሰዎች ጥፋት ልክ በክሳቸው አላነሡም። ስላልተነሣ፣ የመከላከያ ወገንም አያነሣውም።

የመከላከያ ወገን ከዚህ ሁሉ ሞት መካከል ሳያቅማማ የሚያወግዘው አንድ ድርጊት ግን አለ፦ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት። ላይት ከጥርጣሬ ለመዳን ሲል ሪዩክን ለምኖ ደብተሩ ላይ ሁለት የውሸት ደንብ አስጻፈ። አንደኛው፣ ስም የጻፈ ሰው በ13 ቀን ውስጥ ሌላ ስም ካልጻፈ ይሞታል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ደብተሩን ያቃጠለ ወይም የቀደደ እንደሆነ የነኩት ሁሉ ይሞታሉ የሚል። መርማሪዎቹ አነበቡ፤ አመኑ። ላይት ከ13 ቀን በላይ ሳይጽፍ ታስሮ ስለቆየ ነጻ ነው ተባለ። ከኤል በቀር ደንቡን ልሞክረው ያለ አልነበረም፤ ኤልም ሳይሞክረው ሞተ። በሺህ የሚቆጠር ሰው መግደል አንድ ነገር ነው። በመንግሥተ ሙታን መዝገብ ላይ ያለ ሥልጣን አንቀጽ ማስገባት ግን የሰው ልጅ በጽሑፍ ላይ ያለውን እምነት መንካት ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር ከተለመደ ነገ ምን ሊታመን ነው? ሪዩክም ቢሆን በፖም ሒሳብ የተባበረ መሆኑ አያስመሰግነውም።

ቃል በገባነው መሠረት ወደ ወላጆች እንመለስ። በተለያዩ አገሮች ተማሪዎች ተመሳሳይ ጥቁር ደብተር ገዝተው ወይም ሠርተው የመምህራኖቻቸውንና የክፍል ጓደኞቻቸውን ስም ጽፈው ተቀጥተዋል። የቻይና የባህል ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2015 ኢንተርኔት ላይ እንዳይታዩ ካገዳቸው 38 የማንጋና የአኒሜ ሥራዎች አንዱ «ዴዝ ኖት» ነበር። ብዙ ወዳጆቹ በዚህ ተቆጡ። የመከላከያ ወገን ግን ሚኒስቴሩን ይደግፋል። የስም ዝርዝር የያዘ ደብተር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የበለጠ የሚያውቅ ማን ነው? ይህን ጉዳይ ለተረት ጸሐፊ ትቶ ዝም ማለት ሙያን ማስነጠቅ ይሆን ነበር። መምህራኑም እንደዚሁ ልክ ናቸው፤ ስም ጠሪው መምህሩ ሆኖ ሳለ ተማሪው ስም ጻፊ ከሆነ ሥርዓት ይፋለሳል።

ደንቡን ከልብ ያነበበው አንድ ሰው ብቻ ይመስላል፤ እርሱም ደራሲው ነው። «ሱጉሚ ኦባ» የብዕር ስም ነው። እውነተኛ ስሙ በይፋ አልተነገረም፤ መልኩም አይታይም። ሠዓሊው ኦባታ በስሙም በመልኩም ይታወቃል፤ ስለ ድፍረቱ ሊመሰገን ይገባል። ሞት አይቀርም፣ ስም አይቀበርም የሚሉ አባቶች ይህን ማንጋ ቢያዩት፣ ስሙን ከወዲሁ የቀበረ ሰው መኖሩን ይረዱ ነበር።

የታሪኩ ፍጻሜ በሥርዓት ተካሂዷል። ላይት መጋዘን ውስጥ ተጋልጦ፣ ማትሱዳ በተባለው ፖሊስ በጥይት ተመትቶ ይወድቃል። በማንጋው ሪዩክን ይማጸናል፤ መሞት አልፈልግም ይላል። ሪዩክ በመጀመሪያው ቀን የተነገረውን ያስታውሰዋል፣ ደብተሩን ይከፍታል፣ ስሙን ይጽፋል። ምክንያት ስላልተጠቀሰ በ40 ሴኮንድ ልቡ ቆመ። በአኒሜው እየደማ ሮጦ ደረጃ ላይ ይጋደማል፤ ስሙ የሚጻፈው እዚያ ነው፤ አሠራሩ ግን አልተለወጠም። ይግባኝ የሚባል ነገር በደንቡ የለም፤ ላይትም ለሌሎቹ ፈቅዶ አያውቅም ነበር።

ጉዳዩ በዚህ ይዘጋል ሲባል፣ በየካቲት 2020 ኦባና ኦባታ አንድ አጭር ምዕራፍ ጨመሩ፤ ሕጉም ተሻሻለ። ሚኖሩ ታናካ የተባለ ተማሪ ደብተሩን ከሪዩክ ይቀበላል፤ አንድም ስም አይጽፍበትም። ለሽያጭ ያቀርበዋል። መንግሥታት ይጫረታሉ፤ አሜሪካ ታሸንፋለች፤ ገንዘቡም በአንድ የጃፓን ባንክ በኩል ሻጩን ጨምሮ ለቶኪዮ ነዋሪዎች ይከፋፈላል። ሚኖሩ ሪዩክን ከእንግዲህ ፊቴ እንዳትቀርብ ብሎ ያሰናብተዋል፤ ሪዩክም ቃሉን ያከብራል። በዚህ መካከል የሺኒጋሚዎች ንጉሥ ስለ ሽያጩ ሰምቶ አዲስ አንቀጽ ያወጣል፦ በሰዎች ዓለም ደብተሩን የሸጠም የገዛም ይሞታል፤ ሻጩ ገንዘቡን ከባንክ ሲቀበል፣ ገዢው ደብተሩን ሲረከብ። ሻጩ አትምጣብኝ ስላለ ማሻሻያው አልደረሰውም፤ ገንዘቡን ሊያወጣ ባንክ ሄደና እዚያው ወደቀ። ሕግ ወደ ኋላ ሊሠራ አይገባም የሚል ሊኖር ይችላል። ሽያጩ ቀድሞ ቢፈጸምም ገንዘቡ ከኪስ የገባው አንቀጹ ከወጣ በኋላ ነውና፣ ክርክሩ አያስኬድም።

ሪዩክ ደብተሩን ይዞ ወደ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ሄደ፤ አዲሱንም አንቀጽ ነገራቸው። ፕሬዚዳንቱ አልረከብም አሉ፤ ለዓለም ግን ደብተሩ እጄ ላይ አለ፣ አልጠቀምበትም ብለው ለመናገር ወሰኑ። ሪዩክ ደብተሩን መልሶ ይዞ ሄደ። ስለ ተመላሽ ገንዘብ በደንቡ የተጻፈ ነገር የለም።